ላም አለን በለንደን

ከሶፋ ሳይነሳ ለንደንን ዞሮ ማየት የቻለ ትውልድ ከእንግዲህ ምን ይቀረዋል? ድሮ አገር ለማየት የሚነሳ ሰው ስንቅ ይቋጥር ነበር፣ ዘመድ ይሰናበት ነበር፣ መንገድ ላይ ይታመም ነበር፤ አንዳንዱም በሄደበት ይቀር ነበር። የዛሬ መንገደኛ ስንቁ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። እግርም ቢሆን የሚያስፈልገው ሶፋው ላይ ለመዘርጋት ነው። ጫማ አያልቅም፣ ሻንጣ አይጠፋም፣ ዝናብ አያበሰብስም። ሊደርስ የሚችለው ትልቁ አደጋ ባትሪ ማለቅ ነው፤ ለእሱም ቻርጀር አለ፣ መብራት ካልጠፋ።

ይህን ጸጋ ከሁላችን ቀድሞ የተረዳው የሰፈራችን ማርኮ ፖሎ ነው። እውነተኛ ስሙን የማልጠራው ዝና እንዳይረብሸው ብዬ ነው። ማርኮ ፖሎ ከገርጂ ወዲያ ሲሻገር ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ለንደንን ግን እንደ ጓዳው ያውቃታል። ጧት ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ጫማ አውልቅ የሚለው ዘበኛ የለም፣ ድሮም ጫማ አላደረገም። በወርቅ ያጌጠውን ፒያኖ ዙሪያውን ቃኝቶ ወደ ዙፋኑ ክፍል ያልፋል። ከሰዓት በኋላ አቢ ሮድ ላይ የተተከለውን የቀጥታ ካሜራ ይከፍታል። ካሜራው የሚያሳየው ቢትልሶች በ1969 ለአልበማቸው ሽፋን የተሻገሩትን ዜብራ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ሶፋ ላይ ሆኖ ለንደን የገባ ሰው የዘመን አቆጣጠሩም አብሮት ይሻገራል።) ከዓለም ዙሪያ የመጡ ቱሪስቶች በዚያች ዜብራ ላይ እየተመላለሱ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሾፌሮች ጥሩምባ ያስጮሁባቸዋል። ሰዎቹ ባሕር አቋርጠው መጥተው ዜብራ ይሻገራሉ፤ እሱ ደግሞ ሲሻገሩ ያያል። ከሁለቱ ጊዜውን በከንቱ ያባከነው የትኛው እንደሆነ ለመፍረድ አልደፍርም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ማርኮ ፖሎ ከዚያው ከለንደን ለእረፍት ከመጡ አንዲት እናት ጋር ቡና ላይ ተገናኘ። ሴትየዋ እዚያ ረጅም ዘመን ቢሮ ሲያጸዱ፣ ኋላም አረጋውያን ሲንከባከቡ ኖረዋል።

«እትዬ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን የሮዜታ ድንጋይ እንዴት አገኙት?» አላቸው።

«አልገባሁም፣ የኔ ልጅ።»

«አልገቡም? መግቢያው እኮ ነፃ ነው!»

«እሱስ ነፃ ነው። እኔ ነፃ አልሆንኩም እንጂ።»

ማርኮ ፖሎ ከልቡ አዘነላቸው። እዚያው እየኖሩ ለንደንን ሳያዩ! ስልኩን አውጥቶ ከሙዚየሙ ታላቅ አደባባይ ጀምሮ፣ በግብፅ ሐውልቶች መሐል እየመራ አስጎበኛቸው። እሳቸውም ሲኒያቸው እስኪቀዘቅዝ በትሕትና አዩ። በመጨረሻ፣ «እስቲ ደጁ ባለው መንገድ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ አሳየኝ፤ ሥራ የምገባው በእሱ ነበር» አሉት። ፈለገ፣ አጣ። በማርኮ ፖሎ ለንደን ሌሊት የለም።

እንዲኖርም አይጠበቅም። ጉግል ይህን የመንገድ ጉብኝት በ2007 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ሲጀምር፣ ሥራው ጣሪያው ላይ ካሜራ የተሸከመ መኪና ቀን ቀን እያዞሩ ማንሳት ነበር፤ ለንደንም በኋላ ተራዋ ሲደርስ የተነሳችው እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓለም ሁልጊዜ ቀን ነው። ወቅቱ ግን ያስቸግራል። መንገዱ ላይ የምትታየውን ቀስት አንድ ጊዜ ቢነኳት ዛፉ ለምልሞ ሰው በቁምጣ ይሄዳል፤ አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ቅጠሉ ረግፏል፣ ዓመቱም ወደ ኋላ ሄዷል። ቅድም በቀኝ በኩል የነበረው ቀይ አውቶቡስ የት እንደገባ አይታወቅም። ሕዝቡ በሙሉ ፊቱ ደብዝዟል። የሰውን ገመና እንዲሸፍን የታዘዘው ኮምፒውተር ፊት የመሰለውን ሁሉ ያደበዝዛል፤ በ2016 ካምብሪጅ ውስጥ ወንዝ ዳር የቆመች ላም ሳትቀር ፊቷ ተሸፍኖላት ተገኝታለች። ላሟ አቤቱታ አቅርባ እንደሆነ አልሰማሁም።

ታዲያ የማይመሽበት፣ ሰዉ ፊት የሌለው፣ ማንም ዘወር ብሎ «ምን ፈለግህ?» የማይልበት ከተማ ለእንግዳ ምን ይጎድለዋል? ከተማ የሚባለው ነገር ዋና ችግሩ ሰው ነበር። ተጋፍቶ የሚያልፈው፣ መንገድ ሲጠይቁት በማይገባ እንግሊዝኛ የሚመልሰው፣ ባቡር ውስጥ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ የሚቆመው ሰው። እሱ ተወገደ፤ ሕንፃው ቀረ።

ደግሞስ አማራጩ ምንድን ነው? በእግሬ ሄጄ አያለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ቅጽ ይሞላል። የባንክ ሒሳብ ያስመሰክራል፣ የደመወዝ ደብዳቤ ያጽፋል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ከ100 ፓውንድ በላይ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል፤ ፍሬ ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ጉብኝትዎን ጨርሰው ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላሳመኑኝም። ለንደን ቀርቶብኝ ፓሪስ ላይ ልሞክር የሚል ቢኖር፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞለታል። ማርኮ ፖሎን ግን ይህ ሁሉ አይነካውም። ከሶፋው ተነስቶ ወደ ሶፋው እንደሚመለስ የሚጠራጠር የኢሚግሬሽን ሹም ገና አልተወለደም።

ይህንን ጨዋነቱን አይተው ነው መሰል፣ የለንደን ሙዚየሞች ለእሱ ዓይነቱ እንግዳ ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም በኮሮና ምክንያት የብረት በሩን በዘጋበት በ2020፣ የድረ ገጹን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ወደ 4 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ ዕቃዎችን የያዘ አዲስ ካታሎግ። በ2023 ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ከገዛ ግምጃ ቤቱ ጠፍተው፣ ተሰርቀው ወይም ተጎድተው ተገኙ፤ አንዳንዶቹም ኢንተርኔት ላይ ለገበያ ወጥተው እንደነበር ተሰማ። ሙዚየሙ ካቀረባቸው መፍትሔዎች ዋናው ምን ነበር? ስብስቡን በሙሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ዲጂታል አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት። ዕቃው ቢሰረቅም ፎቶው አይሰረቅም ማለት ነው። «ቅርሱ እናንተ ዘንድ ቢመለስ ማን ይጠብቅላችኋል?» ሲባል የኖረ ሕዝብ እንደመሆናችን ከዚህ ብዙ ተምረናል።

የማርኮ ፖሎ ልብ ይበልጥ የሚሞቀው ግን ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ ብሪቲሽ ላይብረሪ ሲሻገር ነው። በ1868 መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሞተው አምባው በእንግሊዝ ሠራዊት ሲበረበር፣ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። ከዚያ ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ዛሬ ላይብረሪው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም በድረ ገጽ እንዲታዩ ተደርገዋል። ማርኮ ፖሎ በሁለት ጣቱ እያሰፋ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ኮቴ፣ የጸሐፊውን ብዕር ጭረት፣ ፍየሏ በሕይወት ሳለች የቆሰለችበትን ጠባሳ ሳይቀር ያያል። እንዲህ ያለ እይታ የመቅደላ ካህናት እንኳ አላገኙም። እነሱ ብራናውን የሚያውቁት በክብደቱ፣ በዕጣን ሽታው፣ በማኅሌት ሌሊት ጧፍ ይዘው ነበር፤ ኋላቀር ዘዴ። ማርኮ ፖሎ አንዱን ገጽ የስልኩ መክፈቻ ሥዕል አድርጎታል። የሚያየው ሰው ሲያደንቅለት «አስመለስኩት እኮ!» ይላል። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየማችንን አይተኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ትራንስፖርቱ አስቸጋሪ ነው አለኝ።

በጥቅምት 2023 ግን ክፉ ቀን መጣ። ጠላፊዎች የላይብረሪውን ኮምፒውተሮች ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ። ላይብረሪው አልከፍልም አለ፣ ዲጂታል ብራናዎቹም ለወራት ከድረ ገጹ ተሰወሩ። ማርኮ ፖሎ ያስመለሰው ቅርስ ሁለተኛ ተማረከበት። የሚገርመው፣ ብራናዎቹ ራሳቸው አንዳች አልሆኑም። መብራትም የይለፍ ቃልም የማይፈልግ ነገር ምን ይሆናል? መደርደሪያው ላይ በሰላም ተቀምጠው ነበር፤ መደርደሪያው ላለው ሰው።

እዚህ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን ሥልጣኔ ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል። ንጉሡ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን የጌታ ሥዕል። ስካነር ባልነበረበት ዘመን ሰው ምን አማራጭ አለው? ብሪቲሽ ሙዚየም እጁ ላይ ከነበሩት ሁለት ክብረ ነገሥቶች አንዱን፣ ራሱን ብራናውን፣ ጠቅልሎ ላከላቸው። ምስኪን ንጉሥ፣ ዋናውን ይዘው ቀሩ። ሥዕሉስ? የለም ተባሉ። ሥዕሉ የነበረው ሙዚየሙ ከሠራዊቱ ጋር ወደ መቅደላ በላከው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ነው፤ ሰውየው ያኔ ዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ድረ ገጽ ኖሮ ቢሆን «ምስሉ ለጊዜው አልተገኘም» የሚል ግራጫ ሳጥን ወጥቶላቸው በክብር ይሸኙ ነበር።

የዛሬዎቹ ሙዚየሞች ከዚያ ወዲህ ብዙ ለግሰዋል ማለት ይቻላል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 የመቅደላን ዘውድና ሌሎች ዕቃዎች ሲያሳይ፣ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጥ እንደሚችል አስታወቀ። የራስን ዘውድ መዋስ! በዓል ሲያልፍ አጥቦ መመለስ ይኖር ይሆናል።

ማርኮ ፖሎ ባለ በሌለ ጥቅሉ ቢሞክር ያልገባበት ክፍል አንድ ብቻ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦቶች አሉት። ለሕዝብ አይታዩም፣ ፎቶ አይነሱም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም ሊያዩአቸው አይፈቀድላቸውም። ወደ ክፍላቸው የሚገባው የኦርቶዶክስ ካህን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት የት ይገኛል? ሥርዓታችንን አጥንተው አንድ በአንድ ጠብቀውታል። የዘለሏት አንዲት ብቻ ነች፤ ታቦት ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው የምትለዋን። ለእሷም ቢሆን ምክንያት አላቸው፤ የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ከስብስቡ ላይ እንዲሁ ማውጣትን ይከለክላል። መቅደላ የወጣው ሠራዊት እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ አላሰረውም ነበር፤ እንኳን ዘመን ተሻሻለ። ጎብኚ የማያየው፣ ምሁር የማያጠናው፣ ካሜራ የማይደርስበት ነገር ሙዚየም ውስጥ ለማን ተብሎ ይቀመጣል የሚል ሰው ካለ፣ ሙዚየም ምን እንደሆነ ገና አልገባውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካስተማሩን፣ ተማሪው ደግሞ ለመምህሩ አንድ ሐሳብ ቢያቀርብ ነውር አይሆንም። ምስሉ ነገሩን የሚተካ ከሆነ እንለዋወጥ። ፋይሉን በሙሉ ጥራቱ እነሱ ያስቀሩ፤ ብራናውን፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን እኛ እንውሰድ። ታቦቶቹ ፎቶ ስለሌላቸው በእነሱ ምትክ ባዶውን ክፍል በ360 ዲግሪ አንስተን እንተውላቸዋለን፤ ጎብኚው ልዩነቱን አያውቅም። የለንደን ሰው ምን ይጎዳል? ዝናብ ሳይመታው፣ ባቡር ሳይጋፋ፣ ሻዩን እየጠጣ የፈረሱን ኮቴ በሁለት ጣቱ እያሰፋ ያያል። በማርኮ ፖሎ ላይ ያየሁት ደስታ በእነሱም ላይ እንዲታይ እመኛለሁ።

አይ፣ እኔ ዋናውን በዓይኔ ካላየሁ የሚል እንግሊዛዊ ግን አይጠፋም፤ አስቸጋሪ ሰው የትም አለ። እሱም አይከለከልም። ቅጽ ይሞላል። የስድስት ወር የባንክ ሒሳቡንና የአሠሪውን ደብዳቤ ያያይዛል፣ አሻራ ይሰጣል፣ በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይጠብቃል። ማመልከቻውን የሚመረምረው ማርኮ ፖሎ ይሆናል፤ የአመልካቹን ቤት፣ በሩንና የበሩን ቀለም አስቀድሞ ከሶፋው ላይ ስላየው ሊሸወድ አይችልም። ጎብኝቶ ወደ ለንደን እንደሚመለስ ካላሳመነው ደብዳቤ ይጽፍለታል። ክፍያው አይመለስም።