ከ60 ስድስት

እኛ ሰዎች ፈተና ሲባል የሚታየን ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው። የዓይን ምርመራ ክፍል ገብተን እንኳ ይህ አመል አይለቀንም። ደግሞስ ምን ይፈረድብናል? ግድግዳው ላይ ፊደል ተሰቅሏል፤ ጠያቂ ቆሟል፤ ውጤት የሚመዘግብ እስክሪብቶ ተደግኗል።

ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚላቸው ጎረቤቴ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮራጅ በመያዝ የሚስተካከላቸው አልነበረም ይባላል። የአውቶቡስ ቁጥር አልለይ እያላቸው ሲቸገሩ ተያይዘን ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄድን። ተራ ስንጠብቅ የምርመራው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበርና ውስጥ ያለው ታካሚ ፊደል ሲጠራ ይሰማል። ቲቸር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሎኝ ዝም አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን፣ «ኢ… ኤፍ፣ ፒ… ቲ፣ ኦ፣ ዜድ…»

ገባን። ረዳቷ ወጣት ልጅ ናት። «አባባ፣ ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑልኝ። እንዳይጫኑት ግን፤ ከተጫኑት ኋላ ብዥ ይልብዎታል» አለቻቸው። ቲቸር ሸፈኑና ከላይ እስከ ታች ያለ ትንፋሽ ወረዱት። እንዲያውም ያልጠየቀቻቸውን መስመር ጨመሩላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሰሌዳውን ገለበጠችው። በጀርባው ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፦ ኢ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የዞረ። «እግሩ ወዴት እንደዞረ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ቲቸር ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ፣ «ኮዱን ቀየረችው!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የታያቸው የላይኛው ትልቁ ብቻ ነበር። ልጅቷ 6/60 ብላ ጻፈች።

«ከስልሳ ስድስት? እኔ ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ተማሪ እንኳ ይህን ሰጥቼ አላውቅም!»

«ማርክ አይደለም አባባ። የላይኛው ቁጥር እርስዎ የተቀመጡበት ርቀት ነው፤ 6 ሜትር። የታችኛው ደግሞ ጤነኛ ዓይን ያንኑ ምልክት ሊለይ የሚችልበት ርቀት ነው። ሌላው ሰው ከ60 ሜትር የሚያየውን እርስዎ 6 ሜትር ድረስ ቀርበው ያዩታል ማለት ነው።» ይህን ዓይነቱን ሰሌዳ ኸርማን ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳወጣው፣ አሜሪካኖች በጫማ ስለሚለኩ 6/6ን 20/20 እንደሚሉትም ነገረችን።

«እንግዲያው 6/6 ያመጣ ደፈነ ማለት ነው?»

«ደፈነ። 6/5 የሚያመጣም አለ።»

«ከአምስት ስድስት?» አሉ ቲቸር ፊታቸውን አጨፍግገው። «እሱስ ኮርጆ ነው!»

ቀጥላ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር መሸፈኛ ሰጠቻቸው። በጠባቡ ቀዳዳ ሲያዩ ሦስት መስመር ወረዱ። ቀዳዳው የተበተነውን ብርሃን አስቀርቶ ቀጥ ብሎ የሚገባውን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ እንዲህ የሚሻሻል እይታ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ያስተካክለዋል አለች። ሰው አርቆ ማየት ሲያቅተው ዓይኑን የሚያጨነቁረውም ለዚሁ ነው። ቲቸር ዝም አሉ። «ከኋላ ወንበር እያጨነቆሩ ያስቸገሩኝ ልጆች ነበሩ» አሉ ቆይተው። «ሰው ወረቀት የሚያዩ መስሎኝ ስንቱን አስወጥቻለሁ!»

«አሁን የዓይን ግፊትዎን እንለካለን።»

«ጨው ካቆምኩ ቆየሁ እኮ።»

ያኛው የደም ነው፤ ይኼኛው ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ግፊት ነው። በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ሲበዛ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይቆያል፤ የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። ቲቸር ይህን በጥሞና እየሰሙ ሳለ መሣሪያው ዓይናቸው ላይ «እፍ!» አለባቸው። ከወንበሩ ተነሡ። የተለካው ግን 15 ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ጋ ገባን። የሙከራ መነጽር አድርጎላቸው ሌንስ እየቀያየረ፣ «ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼ?» ይላል። እዚህ ጋ ደግሞ ይሉኝታ መጣ። «ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ተባረክ ልጄ።» ሌላ ሌንስ። «ይኼስ?» «ይኼም አይከፋም፤ ለፍተሃል።» ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ፣ «አባባ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ከመለሱልኝ የእኔን ደስታ አድርገው ነው መንገድ የሚሻገሩት» አላቸው። ከዚያ በኋላ ቲቸር ያለ ርኅራኄ ማረም ጀመሩ፦ «የበፊቱ። የበፊቱ። ይኼማ የባሰ!»

ማዘዣው ለሁለቱም ዓይን −2.50 ይላል፤ ለንባብ ደግሞ +2.50 ይጨመርበት።

«ከዜሮ በታች!» ብለው ሊቆጡ ሲሉ ሐኪሙ፣ ቁጥሩ ዳይኦፕተር የሚባለው የሌንስ ጉልበት መለኪያ እንደሆነ፣ ተቀናሹ የሩቁን እንደሚያጠራ አስረዳቸው። አንድን ለ2.50 ቢያካፍሉ ደግሞ ያለ መነጽር ጥርት ብሎ የሚታያቸውን ርቀት በሜትር ያገኙታል።

«ነጥብ አራት። 40 ሳንቲ ሜትር» አሉ ቲቸር ወዲያው። ማዘዣውን አንዴ አራቁት፣ አንዴ አቀረቡት፤ ልክ ነው። ከዚያ ዓይናቸው በራ። «ቆይ! ከዜሮ በታች 2.50 ላይ 2.50 ብትጨምር ዜሮ ነው። እንግዲያው ጋዜጣ ለማንበብ መነጽሬን ማውለቅ ይበቃኛል!»

«ልክ ነዎት» አለ ሐኪሙ እየሳቀ።

ቲቸር እንደ ተሸላሚ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ፊደል የሚሸመድድ አንድ ጎረምሳ አግኝተው በአገጫቸው ገሠጹት። ረዳቷም የእኔን ስም ጠራች። ወደ ውስጥ ስገባ ቲቸር ክንዴን ያዝ አድርገው፣ በመምህርነት ዘመናቸው ለማንም ያልሰጡትን ምክር ሰጡኝ፦

«አደራ፣ እንዳትደፍን!»