ያሉበት ድረስ እናመጣለን

የቴሌግራም ሱቆች ካስተማሩን አባባሎች ሁሉ «ያሉበት ድረስ እናመጣለን» የሚለውን ያህል ልቤን የሚያሞቀው የለም። የዕቃው ዋጋ እንደ መንግሥት ምሥጢር ተሸሽጎ «በውስጥ መስመር» ብቻ ይነገራል። የማድረሱ ቃል ኪዳን ግን በትልልቅ ፊደል፣ ከሞተር ሳይክል ሥዕል ጋር በአደባባይ ይለጠፋል። ገዢው ምን ቀረው? በቴሌብር ከፍሎ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ በሩ እስኪንኳኳ መጠበቅ ነው።

በሩ አይንኳኳም። የሚጮኸው ስልኩ ነው።

«ሄሎ ፋዘር፣ ዴሊቨሪ ነው። የት ጋ ነዎት?»

እዚህ ላይ «ቤቴ ነኝ» የሚል ሰው የከተማ ሥርዓት ያልገባው ነው። ወረዳና የቤት ቁጥር መጥራትማ በልጁ ላይ ማላገጥ ነው። የሠለጠነ ሰው መልስ እንዲህ ነው፦ «ሚካኤልን አልፈህ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ።» ይደርሳል፤ ይደውላል። የትኛው ዳቦ ቤት? ድሮ ዳቦ ቤት የነበረው፣ አሁን ሞባይል ቤት የሆነው። «አየሁት፣ አየሁት» ይላል፤ አላየውም። «ሎኬሽን ይላኩልኝ» ይላል። ይላክለታል። ካርታው ቤታችንን ወንዝ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጁ ዋና ስለማይችል ይመስለኛል፣ ጥቂት ዝም ይልና የዘመናዊ አቅርቦታችንን ቁንጮ ሐሳብ ያቀርባል፦ «ፋዘር፣ አስፋልት ላይ ብቅ ቢሉልኝስ? ውስጥ ለውስጡ ተቆፍሯል።»

ብቅ ማለት ነው እንግዲህ። በነጠላ ጫማ፣ በቤት ሹራብ፣ የሚያውቁንን ሁሉ ሰላም እያልን አስፋልቱ ዳር እንቆማለን። በዚያ የሚያልፈው ባለሞተር ሁሉ የእኛ ይመስለናል፤ ለሁሉም እጃችንን እናነሣለን። በመጨረሻ ትክክለኛው ይመጣል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዕቃውን ያቀብላል፣ የማድረሻውንም ሒሳብ ይቀበላል። ዕቃው ያለንበት ድረስ መጣ። እኛም እሱ ያለበት ድረስ መጣን። ፍቅር ማለት ይኼው አይደል?

በልጁ አልፈርድም። ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ሰው «የት ጋ ነዎት?» ሲል የሚውል ምስኪን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህን ሄዶ የመቀበል ጥበብ ያሳደግንበት ትዕግሥት ነው። ዐፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ፣ የእሳቸውና የአንበሳው ምስል ያለበት ቴምብር ፓሪስ ድረስ ሄዶ ታትሞ መጣ። በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤ ባሕር አቋርጦ፣ በረሃ ዘልቆ፣ አዲስ አበባ ይገባ ጀመር። ከፖስታ ቤቱ እስከ ተቀባዩ ደጃፍ ያለችው አጭር መንገድ ግን ለተቀባዩ እግር ተተወች። ሳጥን ተከራይ፣ ቁልፍ ያዝ፣ መጥተህ ውሰድ። ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት «በእገሌ በኩል ይድረስ» ያስጽፋል፤ እገሌም ፈቃዱ ሲሆን ያደርሳል። ከዚያ በፊት የነበረው መልእክተኛ ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ይጓዝ ነበር። እሱ በስምና በአባት ስም ጠይቆ ሰውየውን ያገኘዋል። የዛሬው ሳተላይት በኪሱ ይዞ ዳቦ ቤት ይፈልጋል።

አድራሻ የለንም የሚል ካለ አገሩን ያማል። ሞልቶናል! የአፍሪካ ጎዳና አለ፤ ቦሌ መንገድ የሚሉት ስሙን የማያውቁ ሁሉ ናቸው፤ ማለትም ሁሉም ሰው ነው። ካሜሩን ጎዳና አለ፣ ጋቦን ጎዳና አለ። ባለሞተሩን «ጋቦን ጎዳና ጠብቀኝ» በሉት፤ ፓስፖርት አውጥቼ ልምጣ ይላችኋል። የቤት ቁጥርም አለን። በስንት ሰው መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ተጽፏል! ጣሪያው ዝጎ፣ አጥሩ ዘሞ፣ ልጆች ተወልደው ተድረውበት፣ ቤቱ ዛሬም አዲስ ነው። ጎረቤቱም አዲስ ነው፤ ከበስተኋላ ያለውም እንደዚያው። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ቁጥር የሚጠራበት ከተማ ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ።

ቁጥሩን የናቅነው ምልክቱን አምነን ነው። ምልክት ደግሞ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ ከቤቱ ጋር የስንቱ ሰው አድራሻ አብሮ በገልባጭ መኪና ተጫነ። ዛሬ ሽማግሌው ለባለሞተሩ የሚያስረዳው በሌለ ካፌ ጀርባ፣ በሌለ ፋርማሲ ፊት ለፊት ነው። ልጁ ከተማውን ያወቀው ከፈረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ የሁለት ከተማ ሰዎች ናቸው።

ውጭ ያለው ወገናችንም ጥበቡን አልጣለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሰው፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ ካርቶኑ በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ፎቶው በስልኩ ይደርሰዋል። ለእናቱ መድኃኒት መላክ ሲያምረው ግን «የሚሄድ ሰው አለ?» ብሎ ያስለፍፋል። የሚሄደውም ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ፣ የራሱን ካልሲ የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ ይመጣል። ሲመለስ በርበሬና ሽሮ ይሞላበታል። አየር መንገዱ መንገደኛ ያጓጓዘ ይመስለዋል፤ ፖስተኛ ነው ያጓጓዘው።

በቅጾቻችን ላይ ያለችውን «ፖ.ሣ.ቁ.» የምትል ባዶ መስመርስ? በየዓመቱ በታማኝነት ትጠይቀናለች፤ እኛም በታማኝነት ሰረዝ አድርገን እናልፋታለን። የማትነካ ቅርስ ሆናለች።

ስለዚህ ለተከበራችሁ የቴሌግራም ነጋዴዎች አንድ አቤቱታ አለኝ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ፣ አቀበቱን ጨምሮ፣ የተጓዝኩት እኔ ነኝ። ዕቃውንም ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከማድረሻው ሒሳብ ድርሻዬን በቴሌብር ላኩልኝ። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ ቁጥሬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳትሳሳቱ የምታውቁት ነገር ነው።