ፋሲል ግንብ በሱሉልታ

የስፕሬይ ቀለም ጣሳ የገባበት ቤት እንደነበረ አይገኝም። ጣሳው የሚገዛው ለአንዲት የዛገች የበር ማጠፊያ ነው። ማጠፊያዋ በቅጽበት ታልቃለች፤ ጣሳው ግን ሲወዘውዙት ገና ቋ ቋ ይላል። በብር የተገዛ ነገር ይጣል እንዴ? የቡታጋዙ ሲሊንደር ይቀባል፣ የዲሹ እግር ይቀባል፣ አበባ የተተከለበት አሮጌ ጎማ ይቀባል። እኔ ቤት ድመቷ የዳነችው የሱሉልታ ልጅ ናትና ሩጫ ስለምትችል ነው።

ይህን ጣሳ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኤድ ሲሞር ነው፤ ሐሳቡን ያቀበለችው ሚስቱ መሆኗ ይነገራል። መጀመሪያ የታሰበውም የቤት ማሞቂያ ብረቶችን ብርማ ቀለም ለመቀባት ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን በጋቢ የምንሞቅ ሰዎች ማሞቂያ ከየት እናምጣ? የዓሣ ገንዳ ቀባን።

የዓሣ ገንዳ ሳሎን ሲገባ የእንግዳው ወግ ሁሉ ይለወጣል። ድሮ «ልጆቹ እንዴት አደጉ!» ይባል ነበር። አሁን እንግዳው ሳይቀመጥ «ይበላሉ?» ይላል። «የለም፣ ለጌጥ ናቸው» ሲሉት ትንሽ ዝም ይልና «ለጾም እንኳ?»

የአጥር ጎረቤቴን፣ ጋሼ የምላቸውን ሰው፣ ባዶ መስታወት አላስደሰታቸውም። «ዓሣም ቢሆን አገር ያስፈልገዋል» ብለው በጀሶ ፋሲል ግንብን ሠሩ። እውነቱን ለመናገር ግንቡ ያምር ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! ወርቃማ ስፕሬይ ገዙ። ግንቡን ወርቅ አደረጉት፤ ጠጠሩን ወርቅ አደረጉት፤ የጀርባውን መስታወትም ከውስጥ በኩል ወርቅ አደረጉት። ከዚያ ጎልድ ፊሾቹን ለቀቁ። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በላይ እየመረጡ ያራቡት ያ ወርቃማ ዓሣ ጋሼ ሳሎን ሲደርስ ደብዛው ጠፋ። ሠፈሩ ተጠርቶ አየ፤ ሁላችንም «ውብ ነው» አልን፣ እኔ እንዲያውም ሁለት ጊዜ። ባለቤታቸው እትዬ ብቻ ቡና እየቀዱ «ዓሣዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ።

ወር ሳይሞላ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ በጎናቸው መንሳፈፍ ጀመሩ። የሠፈሩ ጉባኤ ተሰየመ። አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤ ማን እንዳየባቸውም ታውቃለች። ሌላው የቧንቧውን ውኃ ከሰሰ። ሦስተኛው መብራት በጠፋ ቁጥር የአየር ፓምፑ መቆሙን አስታወሰ። ቀለሙን የጠረጠረ የለም፤ ያን የመሰለ ወርቅ እንዴት ይጠረጠራል? ሳሎኑ እንደ ጋራዥ ይሸት ነበር፤ እኛ ግን «አዲስ ዕቃ መቼም ሽታ አያጣም» ብለን ተስማማን።

ነገሩ ሌላ ነው። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፈሳሽ ለዓሣ መርዝ ነው። ቀለሙ ጣት ላይ አልይዝ አለ ማለት ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም፤ በሱሉልታ ብርድ ደግሞ ጭራሽ ይዘገያል። ጀሶውም ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ግንብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደቆመ አለ፤ የጋሼ ፋሲል ግን ለፋሲካ አልደረሰም።

የሚጠየቅ ሰው አጥተን አይደለም። ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ሰበታ ነው፤ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህማ ከሰበታ ሰው ጋር የአንድ ከተማ ልጆች ሆነናል። ጉባኤው ግን መክሮ ዘክሮ «ለሁለት ጣት ዓሣ የትራንስፖርት አይወጣም» አለ። የወርቃማው ስፕሬይ ዋጋ በዕለቱ አጀንዳ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ መቀባታችሁ ካልቀረ፣ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ገንዳውን ደጅ አውጡት፣ ጎንና ጎኑን በጋዜጣ ሸፍኑት፣ የጀርባውን መስታወት ከውጭ በኩል ንፉት። ቀለሙ ውኃ አይነካም፤ ከፊት ለሚያየው ግን ያው ነው። ዓሣዎቹ እንዲታዩ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁን። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «ከውጭ ከተቀባማ ዓሣዎቹ ምኑን ያዩታል?» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ የደከሙት ለዓሣዎቹ ብለው ኖሯል!

ወርቃማ የተረፋችሁ ደግሞ አትጣሉት፣ ወዲህ በሉት። የምጣዴ አክንባሎ ገና አልተቀባም።