እስኪጮህ ድረስ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከብሎካችን ጀርባ ያለው ጎሚስታ ጎማ ሲያስር ቆሞ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ የብሎኖቹን ጥርስ በተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ከዚያ መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይሰካና አንድ እግሩን ጫፉ ላይ አሳርፎ ይጫናል። ዳዶው «ቂጥጥ» ሲል፣ «ጠበቀ፣ ጋሼ» ይላል። ያልጮኸ ዳዶ አልጠበቀም።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ብሎ ወስኗል፤ 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 42 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ጃፓኖች መቶውን ሰጥተው ሦስቷን መቁጠራቸው ስስት ይመስለኛል። የእኛ ልጅ ቢመዘን 60 ኪሎ ይሆናል፤ ግማሹን ብቻ 60 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢያሳርፍ 176 ይገባል። 73ቱ ምርቃት ነው፣ አይከፈልበትም። «ሲበዛ ማርም ይመራል» የተባለው ደግሞ ስለ ማር እንጂ ስለ ዳዶ አይደለም።

ጣልያን ዳዶን፣ ካቻቪቴንና ጎሚስታን ከነስማቸው ትቶልን ሲሄድ «ኪያቬ ዲናሞሜትሪካ» የሚባለውን፣ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚናገረውን መፍቻ ግን አላወረሰንም። እግዜር ይስጠው። እጅ እያለ መሣሪያ ማመን ለእጅ ስድብ ነው።

የሚያውቁ ሰዎች ብሎን እንደ ላስቲክ ነው ይላሉ፦ ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ልመለስ እያለ ሲጎትት ነው ጎማውን የሚይዘው። ከአቅሙ በላይ ከተሳበ መመለሱን ይረሳና ይለሰልሳል። ጎሚስታችን ይህችን ልስላሴ «ገና ነው» ብሎ ይተረጉማትና አንዴ ይደግማል። ዘይቱም ያግዘዋል። በደረቅ ብሎን ላይ ከምናፈሰው ጉልበት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ በሰበቃ ያልቃል፤ ዘይት ሲገባ ሰበቃው ይቀንስና የተረፈው ሁሉ ብሎኑን ይስባል። «ጧ!» ካለ ቻይና ነው ይባላል፣ ጃፓን ቢሆንም።

ጥበቡ ጎማ ላይ ብቻ አልቀረም። የመጸዳጃ መቀመጫችንን ወለሉ ላይ ያሰረልን ቧንቧ ሠራተኛ «እንዳይነቃነቅ» ብሎ ሲያጠብቅ ሴራሚኩ ከብሎኑ ሥር ጀምሮ ተሰነጠቀ። እውነትም እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ባለፈው ወር በቱሉ ዲምቱ ገብተን ወደ አዳማ ስንሄድ ፍጥነት መንገዱ ላይ ጎማ ተነፈሰ። የመኪናዋን አጭር መፍቻ አወጣሁ። ጎተትኩ። ቆምኩበት። ባለቤቴም ቆመችበት። ጎማዬን ሌባ እንደማይፈታው ያን ቀን አረጋገጥኩ፤ ባለቤቱም አይፈታውምና። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከወንበሩ ሥር ረጅም ቧንቧ አውጥቶ ሦስቱን አስጮኸልን፤ አራተኛው ከነዳዶው ተቀንጥሶ እጁ ላይ ቀረ።

ኮዬ ስመለስ ልጁ የተቆረጠውን ብሎን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ቻይና ነው» አለ። ቧንቧውን ሰካ፣ እግሩን አሳረፈ፣ አንድ በአንድ አስጮኻቸው። «አያስቡ ጋሼ፣ ሦስቱን የአራት ያህል አጥብቄያቸዋለሁ።»