ሰርቨሩ ጥያቄ አለው

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ የመሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር አፕዴት እያደረግሁ ነበር። ጽሑፉ ስክሪኑን ሽቅብ ይጋልባል። አንዱ ፓኬጅ በኮከብ ምልክት አጥር አጥሮ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል። ሌላው መዋጮ ይለምናል። ሦስተኛው አዲሱን ድረ ገጹን እንድጎበኝለት ጋበዘኝ፤ በቅዳሜ ምድር!

ከዚያ ሁሉም ቀጥ። አንድ ጥያቄ ተደቅኗል፦ ሰው ሲገባ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ፋይል የሆነ ሰው ነካክቶታል፤ የእናንተው ይቆይ ወይስ የኔን ላስገባ? ልመልስ ስል መብራት ሄደ።

ሥራውን የከፈትኩት ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ስለሆነ መስመሩ ቢቋረጥም ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ይቀጥላል ስል፣ ጥያቄውን ይዞ ይጠብቃል ማለቴ ነው። የስልኬ ዳታ ሲመጣ ሲጠፋ የሒሳብ ሹሟ ደወሉ። ወር መጨረሻ ነውና ደመወዝ ሊሠሩ ገብተዋል።

«ልጄ፣ ሲስተሙ እምቢ አለኝ እኮ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ፣ ጥያቄ ላይ ቆሞ ነው።»

«ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ነገርኳቸው። «እንኳን ደህና መጡ ለማለት ነው ደሞዝ የሚያስቆመው?»

ዳታው ሲመለስ «አሮጌው ይቆይ» ብዬ አለፍኩት። ሲስተሙ ግን አሁንም አልነሣም አለ። ሎጉን ወደ ኋላ ሳገላብጥ፣ ከምስጋናውና ከልመናው መሀል አንዲት መስመር ተወሽቃለች፦ አዲሱ ስሪት የድሮውን የዳታቤዝ ቅርጽ አያነብም። ማስቆም የነበረበት ይሄ ነበር፤ እሱ ሹልክ ብሎ አለፈ። ባክአፕ ስለነበረ ደመወዙ እሑድ ተሠራ። እሑድ ቢሮ መግባታቸውን ግን እስካሁን ያነሡብኛል።

ነገሩ መላ ያጣ አይደለም። ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ ጆይ ሄስ የጻፈው ዴብኮንፍ የሚባል ጠያቂ አለ። ጥያቄዎቹ በ4 ደረጃ ይመደባሉ፤ ከታች ለሁሉም ማለት ይቻላል የሚስማማ መልስ ያላቸው፣ ከላይ ሰው ካልመለሳቸው ሲስተሙን የሚሰብሩ። ሳልነካው ከተውኩት የላይኞቹ 2ቱ ብቻ ይመጡብኛል። የፕሮጀክቱ ደንብም ጥያቄ ቀንሱ፣ አንዱን ጥያቄ ሁለቴ አትጠይቁ ይላል። ለማወቅ ያህል የሚነገር ለውጥ ኒውስ በሚባል ፋይል ይጻፋል፤ የፈለገ ያነበዋል። የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ ሰው ሲሞት ነው የሚነፋው፤ ዶሮ ጠፋ ብሎ ቢነፋ ኖሮ ዛሬ ማን ይወጣለት ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2019 ስታንዳርድ የተባለ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ሲጫን ተርሚናል ላይ ማስታወቂያ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ተጠቃሚው ጮኸ፤ በቀናት ውስጥ ተነሣ። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከፋፈያው ኤንፒኤምም እንዲህ ያለውን እከለክላለሁ አለ። በዚያው ዓመት «ኤንፒኤም ፈንድ» የምትል ትእዛዝ መጣች፤ መዋጮ ፈላጊው ማን እንደሆነ ማየት የሚሻ ጠርቶ ያያል። በነፃ የሚሠራ ሰው መብላቱን እኔም እደግፋለሁ፤ ከማስጠንቀቂያ ጋር ተጋፍቶ ግን አይደለም።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አያያዝ ነው። ዴቢያን ላይ አዲሱ ዋና ስሪት ከአሮጌው ጎን ይጫናል እንጂ የአሮጌውን ዳታ አይነካም። የአሮጌው ጊዜ ማለፉን አስቁሞ ይነግርሃል። ማሸጋገሩን አንተ በመረጥከው ቀን፣ ባክአፕህን ይዘህ፣ በአንዲት ትእዛዝ ትፈጽመዋለህ።