ከ211ዱ ፈረሶች 45ቱ የት ገቡ?

ፈጣን መኪና ያለው ሰው ዕድሜው የሚያልቀው በመቆም ነው። ግን ማን ያምናል? ዘመዶቼ እንኳ ከቤት ወጥቼ እልም የምል ይመስላቸዋል። ለቅሶ ሲገጥም «አንተማ መኪናህ አውሬ ናት፤ ቀድመህ ድረስና ድንኳኑን አስተክል» ይሉኛል። እኔ ቆሜያለሁ እባካችሁ! ማደያ ቆሜያለሁ፣ ጋራዥ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ሶማሌ ተራ ባንኮኒ ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ኮፈን ከፍቼ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ እንድትበር የተሠራች መኪና ይዤ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ብዙ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁና ፍረዱ። ቢኤምደብሊው 535አይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው፣ አዋቂዎቹ ኢ34 ከሚሉት ትውልድ ናት፤ የትውልድ ቦታዋ ባየርን ውስጥ ያለች ዲንጎልፊንግ የምትባል ከተማ ናት። ሞተሯ 3.4 ሊትር ነው፤ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር ተደርድሯል። ዘሩ ኤም30 ይባላል፤ የዘር ግንዱም ከእ.ኤ.አ. 1968 ይጀምራል። ጉልበቷ የሚወርደው በኋላ እግሮቿ ነው፤ ክረምት ላይ ኮብልስቶን ያለበት ዳገት ስወጣ ጸሎት የምጀምረውም ለዚህ ነው። ከውጭ የሚያያት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ የቤተሰብ መኪና ይላታል፤ ደግሞም አድርሳለች። በ1987 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ከሸከፈ ዲፕሎማት ገዝቼ፣ ቀረጧን ከፍዬ፣ ይኸው እስካሁን ዳቦ የምገዛባት፣ ቤተ ክርስቲያን የምሄድባት፣ የምናደድባት እሷው ናት።

መጽሐፏ «211 የፈረስ ጉልበት» ይላል። አዎ፣ ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ግን ሙኒክ ተቀምጠው ነው፤ ሙኒክ ከባሕር ጠለል በላይ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲያቀኑማ ሌላ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ የእኔዋ ቱርቦ የላትም፣ እግዜር የሰጣትን ነው የምትተነፍሰው። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ሒሳቡ አይጠፋኝም። በዚህ ከፍታ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛው፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ የሚለው፣ የለም። እናም ከ211ዱ ፈረሶች 45 ያህሉ አዲስ አበባ አልገቡም። ከጅቡቲ አብረው ተነሥተዋል፣ አዋሽንም ተሻግረዋል፤ ሽቅቡ ሲጀምር ግን አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ቀሩ። ቀረጥ ስከፍል ማንም «የደረሱት ስንት ናቸው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስወጣ አንዲት ነጭ ሱዙኪ ዲዛየር፣ አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭና፣ ትቀድመኛለች። የእሷ ፈረሶች መጀመሪያውንም ጥቂት ስለሆኑ የጎደለው አያስታውቅም። ሾፌሩ ደግሞ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል። ለምን? ምን አደረግኩት?

ለሠሪዎቿ ወቀሳ የለኝም። ብረቷ እንዳለ ነው። የሚያረጀው ጎማና ፕላስቲኩ ነው፤ ቱቦው፣ ቡሹ፣ የበሩ ማሸጊያ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ጎማ ድንጋይ ቢሆን ማን ይፈርድበታል? እኔም ጉልበቴ ውስጥ ያለው ነገር ደርቋል ተብያለሁ። ወቀሳ ካለኝ በየሃምሳ ሜትሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለሚሠሩት ነው፤ አንዳንዱን ጉብታ ሳየው የተቀበረ ሰው ያለበት ይመስለኛል። የፊት እግሮቿን በሚይዙት ክንዶች ጫፍ ያሉት ቡሾች የሚያልቁት በዚህ ነው። ሲያልቁ ደግሞ በ80 እና በ90 መካከል መሪው ይንቀጠቀጣል፤ መቶ ሲሞላ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ «ኧረ ቀስ በል፣ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ነው» ትለኛለች። የምትንቀጠቀጠው ቀስ ስላልኩ ነው! እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ መቶ ብነዳስ? እስቲ ለትራፊክ ፖሊስ አስረዱልኝ።

ቡሽ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ልሂድ። ልጁ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «የምን?» ይላል። እነግረዋለሁ። «የለም ፋዘር፣ የኮሮላ ነው ያለው።» የኮሮላ ምን ይሠራልኛል? «ይሞረድና ይገባል።» ይሞረድና! ደግሞ ሌላው ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት እቃ ይደረድሩልኛል፤ አንዱ ኦሪጅናል፣ አንዱ ታይዋን፣ አንዱ ቻይና ይባላል፤ ሦስቱም የወጡት ከአንድ ካርቶን ነው። ጎረቤቴ ቶዮታ ነው የሚነዳው። የእሱ ፊልትሮ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ከሳሙናና ከፓስታ ጎን ይገኛል። ሰውየው መኪና ተበላሸብኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ በዚህ ምክንያት ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ስለዚህ ዕቃዬ የሚመጣው በሻንጣ ነው። የእህቴ ልጅ ሙኒክ ናት። በርበሬ፣ ሽሮና ኮሰረት ይሄድላታል፤ ቴርሞስታት፣ ቺንጋና ቡሽ ይመጣልኛል። ለኦርቶዶክስ ልጅ፣ በዓል ለማክበር አገሯ ለምትገባ ልጅ፣ የውሃ ፖምፓ ከነጠላ ጋር ጠቅልሎ መምጣት ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ አላጣሁትም። ጉምሩክ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሏት «የአጎቴ ነው» ትላለች፤ ሠራተኛው የሕክምና ዕቃ መስሎት «እግዜር ይማረው» ብሎ ያሳልፋታል። ችግሩ ቤት ነው። ባለቤቴም የራሷ ዝርዝር አላት። የኪሎው ልክ አይጨመርም፤ ባለፈው ፋሲካ የእሷ ድስት ቀርቶ የእኔ ራዲያተር ቱቦ ስለመጣ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ወጥ በገዛ እጄ ጨልፌያለሁ።

ደግሞ መካኒኩ አለ። የዚህች ሞተር ቫልቮች እንደ ዛሬዎቹ ራሳቸውን አያስተካክሉም፤ ክፍተታቸው በእጅ ይለካል። 0.30 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ በርዶ። እኔ አውሮፕላን ቤት ሳለሁ ይህን የሚያህል ሥራ ሦስት ሰው ፈርሞበት ነው የሚዘጋው። ይሄ ሰውዬ ግን መለኪያ ሳመጣለት ይቀየመኛል። «ጋሼ፣ እኔ በጆሮዬ ነው የማውቀው» ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ትንሽ ይፈታል፣ ትንሽ ያጠብቃል፣ ምራቁን ይተፋል። ቤቴ ገብቼ ተደብቄ በመለኪያዬ አየዋለሁ። 0.30! አሥራ ሁለቱም! በዚህ ምን ያህል እንደምበሳጭ አትጠይቁኝ። ሳይንስ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ዘመኑም ጨርሶ ዞሮብኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ አይገባም ተባለ። ወዲያው ደላላው ሁሉ በሬን ማንኳኳት ጀመረ፤ ትናንት «ቁርጥራጭ» ሲሏት የነበሩ ሰዎች ዛሬ «ቅርስ ናት» ይሉኛል። መንደሩ በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ። ድምፅ የላቸውም፤ ከኋላዬ ሲመጡ ስለማልሰማ ልቤ ይወድቃል። የጎረቤቴ ልጅ አንዷን ገዝቶ «ጋሼ፣ ይህቺ ዘይት አትቀይርም፣ ካንዴላ የላት፣ ፊልትሮ የላት» ሲለኝ፣ «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። መልስ አልነበረውም። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ባዶ እጁን!

ቤንዚኑስ? ሊትሩ መቶ ብር አለፈ። ከተማ ውስጥ ለመቶ ኪሎ ሜትር አሥራ አራት ሊትር፣ መጨናነቅ ሲኖር ከዚያም በላይ ትጠጣለች፤ ታንከሯ 80 ሊትር ይይዛል፣ እኔ ግን ሙሉውን የማየት ዕድል የለኝም። ድሮ ብሩን በመስኮት አቀብሎ መሄድ ነበር። ከ2015 ወዲህ ክፍያው በስልክ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰልፍ ተጎትቼ ተራዬ ሲደርስ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ወይም የምስጢር ቁጥሬ ይጠፋኛል፣ መነጽሬም ቤት ቀርቷል። ከኋላ ያለው ባጃጅ ይጮኻል። ቀጂዋ ልጅ «አባባ፣ እኔ ልነካካልዎት» ትላለች። አባባ! መኪናዋን አይታ ነው እንጂ እኔማ ገና ነኝ።

ቦሌ በኩል ካለፍኩ ደግሞ ጎረምሶች ስልካቸውን ያወጣሉ። «ፋዘር፣ ኤም ፋይቭ ናት እንዴ?» አይደለችም። የዚያ ዘመን ኤም ፋይቭ ጋርሺንግ በምትባል ከተማ በእጅ ትገጣጠም የነበረች ሌላ መኪና ናት፤ ይህንን ቆሜ አስረዳቸዋለሁ፣ የሚያዳምጥ ግን የለም። «ይርገጡት እስቲ!» ይላሉ። የት ልርገጠው? ፊት ለፊቴ በግ ነጂ አለ።

የምረግጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በ2007 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርዴን ተቀብዬ ቁልቁል ስጀምር ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መንገዱ ይወርዳል፣ አየሩ ይወፍራል። ቢሾፍቱን ሳልፍ ድምፅዋ ይጎረናል፤ ሞጆ ስደርስ ነዳጅ መስጫውን ነካ ባደርጋት ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። 120 የተፈቀደ ነው፣ 120 እሄዳለሁ፤ በዚያ ላይ መሪው አይንቀጠቀጥም። አዳማ 1,712 ሜትር ላይ ናት። በእኔ ስሌት ከጎደሉት 45 ፈረሶች 12ቱ እዚያ ይጠብቁኛል። ባለቤቴ ይህንን ስነግራት ለአሥራ ሁለት ፈረስ ደርሶ መልስ ሃያ ሊትር ማቃጠሌን በጣቷ ቆጥራ አሳየችኝ። በማግስቱም አልተወችኝም፤ ለእህቷም ደውላ ነገረቻት። ስመለስ ደግሞ ሽቅብ ነው፤ ዱከም ላይ ስድስቱ ይቀራሉ፣ የተረፉትም የክፍያ በሩ ጋ ተሰናብተውኝ ይሄዳሉ።

አሁን ባለቤቴ «አዳማ እንግባ» ማለት ጀምራለች። ክርክሯ እንከን የለውም። ሐኪሙም ለደም ግፊትህ ቆላ ይሻልሃል ብሎኛል፤ መኪናዋም ትንፋሽ ታገኛለች፤ ጉልበቴም ብርድ ይለቀዋል። ግን እዚያ ቫልቯን ማን ያስተካክልልኛል? ባለ ጆሮው ያለው እዚህ ነው። እሱንም እዚያ ጋራዥ እንዲከፍት ለመንኩት፤ «ጋሼ፣ ደንበኛዬን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሞተር ይዞ የሚመጣበት ደንበኛ አንድ እኔ ብቻ ነኝ። ለዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀጥሮኝ ነበር፤ ይኸው አምስት ሆነ፣ ስልኩንም አያነሳም።