ከነጥብ ወዲያ ያለችው ሦስት

አሜሪካ ውስጥ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድ መዝኖ ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላ የኢላማ ተኳሽ ክብር ይገባዋል። ቅዳሜ ረፋድ ሦስት ጥይት ይተኩስና «ጥይቴ በሰከንድ 848.3 ሜትር ይበራል» ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ምስኪኑ እንግሊዛዊ ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የአረርን ፍጥነት ከፔንዱለም መወዛወዝ የማስላት ዘዴውን አስረድቶ፣ የነጥብ ሦስትን ጸጋ ሳያይ አለፈ። መዝገቡ ላይ የጎደለው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የአየሩ ሙቀት፣ ጥይቱ ፀሐይ ላይ ይዋል ጥላ ሥር፣ የመለኪያው ዓይነትና ከአፈሙዙ ያለው ርቀት፣ ይኸው ነው። ባሩድ ሲሞቅ ቶሎ ይነዳል፣ ግፊቱ ያይላል፣ አረሩም ይፈጥናል። ሙቀት በሚያውከው ባሩድ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጨምራል። በበረዶው ወራት 0 ዲግሪ ላይ የተተኮሰውና በበጋው 35 ዲግሪ ላይ የተተኮሰው አንድ ዓይነት ጥይት በ17 ሜትር ያህል ይለያያሉ ማለት ነው። ነጥብ ሦስቷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

መለኪያዎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አሮጌው ዓይነት የአረሩን ጥላ በሁለት የብርሃን ዳሳሾች ይይዛል። በመካከላቸው ያለው 60 ሴንቲሜትር በ3 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ ንባቡ 4 ሜትር በሰከንድ ይስታል፤ ደመና መጥቶ ብርሃኑ ሲቀየርም ንባቡ ሊቀየር ይችላል። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ባለ ማግኔት መለኪያ ፍጥነቱን ደህና አድርጎ ይናገራል፤ ክብደቱ በርሜሉ ላይ ስለሚንጠለጠል ግን ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል። ፍጥነቱ ከታወቀ ኢላማው ቢሳት ምን ይደረጋል!

«የእኔ እኮ ዶፕለር ራዳር ነው» የሚል ይኖራል። መልካም፤ ራዳሩ የእነዚያን የሦስቱን ጥይቶች ፍጥነት በትክክል ነግሮታል። ስለ አራተኛው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሦስቱ በ3 ሜትር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቢለያዩ፣ በተለመደው የ95 በመቶ ስሌት አማካዩ ራሱ ወዲያና ወዲህ 7 ሜትር ያህል ይዋልላል። «ባሩዴ ሙቀት የማይበግረው ነው» ለሚለውም፣ እንዲህ ያለው ባሩድ በእርግጥ አለ፤ ለውጡን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በተከታታይ ተኩስ በጋለ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት አጉርሶ እያለመ ለሚቆይ ሰው ደግሞ ቴርሞሜትሩ የሚለው ሌላ፣ ቀለሁ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። «አማካዩ እንዲረጋ 30 ጥይት መተኮስ ውድ ነው» የሚለው መከራከሪያ ግን እውነት አለው። ጥይትም ያልቃል፣ በርሜልም ይበላል። ገንዘብ ሳያወጡ ነጥብ ሦስቷን መሰረዝም ይቻል ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ የፋብሪካ ጥይት ገዝቶ ሲተኩስ ፍጥነቱ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ስላነሰበት ፋብሪካውን ሌባ ይለዋል። የአሜሪካ የስፖርት ጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ በምሕጻረ ቃሉ ሳሚ፣ ለአብዛኛው የጠመንጃ ጥይት 24 ኢንች የሙከራ በርሜል ይጠቀማል፤ ለፍጥነትም በሰከንድ 90 ጫማ፣ ማለትም 27 ሜትር ያህል፣ ከፍና ዝቅ ይፈቅዳል። የኛ ሰው በርሜል 20 ኢንች ነው። በሰው ቁና የተሰፈረውን በራሱ ቁና መልሶ ሰፍሮ «ጎደለብኝ» ይላል።

1000 ሜትር ላይ ለሚተኩስ 10 ሜትር በሰከንድ ሩብ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ስለሚያዛንፍ ጭንቀቱ አግባብ ነው። እሱም ሙቀቱን ይመዘግባል። ባለ ነጥብ ሦስቱ ሰው የሚተኩሰው ግን 100 ሜትር ላይ ነው። እዚያ የ10 ሜትር በሰከንድ ልዩነት አረሩን ዝቅ የሚያደርገው በ2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአረሩ ውፍረት ራሱ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ነው።